ከኮከቡ ሥር ያለው ሰውዬ

«አሁንም ነጣ» አለ አባቷ።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየችው። እውነቱን ነው። በጓሮው በረንዳ መሃል ከተነጠፈው ትልቅ ኮከብ እምብርት ላይ አንዲት ስምንት ማዕዘን ሴራሚክ አለች፤ በእሷ ዙሪያ ዛሬ የተሞላው የሲሚንቶ ሙሌት እንደ ሕፃን ጥርስ ይብለጨለጫል። የሌሎቹ ሴራሚኮች መገጣጠሚያ በዕድሜና በእግር ብዛት ወይቧል። ይኼኛው ግን ከሩቁ «እዩኝ፣ አዲስ ነኝ» ይላል።

አባቷ አንድ እጁን መሬት አስደግፎ፣ በሌላው ጉልበቱን ይዞ እያቃሰተ ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ በሰው ቤት ወለል ላይ ተንበርክኮ ሴራሚክ ሲያነጥፍ የኖረ ሰው ነው። አሁን አሁን ጉልበቶቹ ሲታጠፉ እንደ ደረቅ እንጨት ይንቋቋሉ።

«ትንሽ ጊዜ ብናገኝ ራሱ ይወይብ ነበር» አለ። «ግን ቤቱን ሊገዙ የሚያስቡት ሰዎች ነገ ይመጣሉ። የሰው ዓይን ደግሞ ታውቂያለሽ፣ አንዴ ልዩነት ካየ አይለቅም።»

«ሻይ ብናደርግበትስ?»

«ምን?»

«ወፍራም ሻይ። እማዬ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ሲደፋባት መቼ ለቆ ያውቃል?»

አባቷ ለአፍታ ትክ ብሎ አያትና ከት ብሎ ሳቀ። ልጅቷ ወጥ ቤት ገብታ ሻዩን እስኪጠቁር አፈላችው፤ አቀዘቀዘችና ይዛ መጣች። አባቷ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየነከረ መስመሩን ቀባ፤ በእርጥብ ጨርቅ አበስ አደረገው፤ ደግሞ ቀባው። ሲደርቅ፣ የትኛው አዲስ የትኛው አሮጌ እንደሆነ የሠራው ሰው ራሱ ሊለየው አልቻለም።

«ይህን ሁሉ ዘመን ስሠራ ይቺ አልመጣችልኝም» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺ እኮ ከእኔ ትበልጫለሽ።»

አባቷ ምስጋና ሲሰጥ እጁ አይፈታም። ስለዚህ ልጅቷ ይህችን ቃል እንደ ስጦታ ተቀብላ፣ ቀኑን ሙሉ ደጋግማ እያስታወሰች ደስ ሲላት ዋለች። የጥርስ ብሩሹን አጥባ ወደ ቦታው ስትመልስ ግን አንድ ነገር ውስጧን ከነከናት። ምን እንደሆነ ታውቀዋለች፤ ዞር ብላ ላለማየት መረጠች እንጂ።

ከዚያች ስምንት ማዕዘን ሴራሚክ ሥር «ሰውዬው» አለ።

ሰውዬው ሰው አይደለም። የቤቱ ሴፕቲክ ታንክ ነው። ቤቱ መጀመሪያ ሲሠራ ሁለት መኝታ ቤት ብቻ ነበረው፤ ጉድጓዱም ለሁለት መኝታ ቤት ተለክቶ፣ ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ወጥቶለት፣ ተቆጣጣሪ አይቶት ነው የተቆፈረው። በኋላ ልጆች ተወለዱ፤ አክስት መጣች፤ የአክስት ልጆች ተከተሉ፤ በጓሮ በኩል ሁለት ክፍልና አንድ መታጠቢያ ቤት ተጨመረ። ጉድጓዱ ጠበበ። ታዲያ አንድ በጋ አባቷ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከመጀመሪያው ጎን ሌላ ቆፈረና በቱቦ አገናኛቸው። ፈቃድ አልጠየቀም። «ለአንድ ጉድጓድ ማን ይሰለፋል?» ነበር ያለው።

አፈሩንም አልጠየቀም። ጓሮው ውሃ የማይጠጣ ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ደህና ነው። ክረምት ሲገባና መሬቱ ሲጠግብ ግን ጉድጓዱ የዋጠውን መልሶ ይተፋል። መጀመሪያ በአዲሱ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ያለው የፍሳሽ ቀዳዳ ያጉረመርማል። ቀጥሎ ይሸታል። ቀጥሎ የሚሆነውን እቤት ውስጥ ማንም በስሙ አይጠራውም፤ «ሰውዬው ተቆጣ» ይባላል፣ በቃ።

ሰውዬው እንዳይቆጣ ደግሞ ሕግ አለ። ሁለት ቧንቧ በአንድ ጊዜ አይከፈትም። ሻወር የሚገባ፣ ዕቃ የሚያጥብ፣ የሽንት ቤቱን ውሃ የሚለቅ ሁሉ አስቀድሞ «ውሃ!» ብሎ ይጮኻል። ሌላ ሰው ውሃ እየተጠቀመ ከሆነ «ቆይ!» ይላል። ዝም ከተባለ መንገዱ ክፍት ነው። ልጅቷ አፍ ስትፈታ ከተማረቻቸው ቃላት መካከል እነዚህ ሁለቱ ሳይኖሩበት አይቀርም። አንድ ቀን ትምህርት ቤት የስፖርት መምህሩ ተማሪዎቹን ሊያሳርፍ «ውሃ!» ብሎ ሲጮኽ፣ ከሰልፉ መሃል ድምጿን ከፍ አድርጋ «ቆይ!» አለች። ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ «ቆይ» ሆኖ ቀረ። ለምን እንደዚያ እንዳለች ለማንም ነግራ አታውቅም።

ኮከቡ የመጣው ከሁለተኛው ጉድጓድ በኋላ ነው። አባቷ ሁለቱንም ጉድጓድ በበረንዳ ሸፈናቸውና፣ በየሠራበት ቤት የተረፈውን ሴራሚክ ሰብስቦ በረንዳው ላይ ይህን ኮከብ አወጣ። ሰማያዊው ከአንድ ክሊኒክ፣ ቀዩ ከሆቴል መተላለፊያ፣ ወርቃማው ከአንዲት ሙሽራ ወጥ ቤት የተረፈ ነው። እምብርቱን ግን በሲሚንቶ አልያዘውም። ክዳኑ ላይ በአሸዋ አስቀመጠውና፣ የፍሳሽ መጣጭ መኪናው ሲመጣ በስስ ብረት ፈልቅቆ ያነሳዋል፤ መኪናው ሲሄድ መልሶ ይገጥመዋል። እንግዳ ሁሉ ኮከቡን ያደንቃል። እምብርቱ እንደሚነሳ የሚያውቅ ግን ከቤተሰቡ በቀር የለም።

አሁን ደግሞ አይነሳም። መኪናው ለመጨረሻ ጊዜ መጥቶ ሄደ፤ ሴራሚኩ በሲሚንቶ ተያዘ፤ ዙሪያው ተሞላ፤ ሻይ ጠጣ።

ሰዎቹ በማግስቱ ከደላላው ጋር መጡ። ገዢዋ ነርስ ናት፤ ረጅም፣ ፈጣን፣ ግድግዳውን ሁሉ በጣቷ መታ መታ እያደረገች የምታልፍ ሴት። ከኋላዋ የልጅቷ እኩያ የምትሆን ልጇ የብረት ሜትር እየመዘዘች እየለቀቀች ትከተላለች። ሜትሩ ሲመለስ ጠሽ ይላል።

ደላላው ምላሱ ጤፍ የሚቆላ ሰው ነው። «እህቴ፣ ይሄ ቤት አይደለም፣ ትዳር ነው። አንዴ ከገቡ አይወጡም።»

«ትዳሩ ይቆየኝና ውሃው ይመጣል?» አለች ነርሷ።

«እንደ ወንዝ።»

«የሚሄደውስ? ሴፕቲክ ታንኩ ፈቃድ አለው?»

ልጅቷ አባቷን አየችው። የአባቷ ፊት ምንም አልተለወጠም።

«ፈቃድ አለው» አለ። «ወረቀቱ ይኸው፣ ከነማኅተሙ።»

«የት በኩል ነው ያለው?»

«እዚሁ፣ በጓሮ በኩል።»

ነርሷ ይህን ስትጠይቅ በሁለት እግሯ የኮከቡ እምብርት ላይ ቆማ ነበር። ወረቀቱን አየች፤ ማኅተሙን አየች፤ መለሰችለት። ከዚያ ወደ እግሯ ተመለከተችና «እንዴት ያለ ሥራ ነው በእግዚአብሔር» አለች። አባቷ አንገቱን ደፋ።

ልጅቷ ነገሩን በልቧ መላልሳ አየችው። ከአባቷ አፍ አንዲት የውሸት ቃል አልወጣችም። ፈቃድ አለ፤ ለመጀመሪያው ጉድጓድ። በጓሮ በኩል ነው፤ ልክ ነው። ታዲያ ሁሉም ቃል እውነት ከሆነ እሷን ምን አሳፈራት?

ባለሜትሯ ልጅ መታጠቢያ ቤት ልትገባ ፈልጋ፣ ልጅቷ መራቻት። በሩ ከተዘጋ በኋላ ልማድ ክፉ ነውና፣ የገባችው እንግዳ መሆኗ ተረስቷት ልጅቷ ራሷ ከኮሪደሩ ጮኸች፤ «ውሃ!»

«ቆይ!» አለች እናቷ ከወጥ ቤት፣ እሷም በልማድ።

ባለሜትሯ አፏን ይዛ እየሳቀች ወጣች። «ምንድን ነው እሱ?»

«ጨዋታ ነው» አለች ልጅቷ። ቃሉ ቀድሟት ወጣ። «የቤታችን ጨዋታ።»

«አሪፍ ነው ባክሽ። ሕጉ ምንድን ነው?»

«አንዱ ውሃ ሲል፣ ሌላው ቆይ ይላል።»

«ማን ያሸንፋል ታዲያ?»

ልጅቷ አሰበች። «ማንም።»

«እንዴት ሙድ አለው» አለችና ባለሜትሯ ወደ ልጅቷ ክፍል ገባች። ክፍሉ ከአዲሱ መታጠቢያ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ጥግ ላይ ያለውን የልጅቷን አልጋ በሜትሩ ለካችና ራሷን ነቀነቀች። «ይገባል። ልክ እዚህ ይገባል።»

«ምኑ?»

«የአያቴ አልጋ። እኔና እሷ ነን እዚህ የምንተኛው። ከአልጋ አትነሳም፤ እግሯ አይታዘዝላትም። እናቴ ቤቱን የወደደችው መታጠቢያ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ነው። አሁን ያለንበት ቤት ውሃ በባልዲ ነው የምንሸከመው። የአያቴ አንሶላ በየቀኑ ይታጠባል፤ አንዳንዴ ጠዋትም ማታም። ማሽናችን አያርፍም።»

«ስንት ናችሁ?»

«ስድስት። መንትያ ወንድሞቼ ግን እንደ ሁለት አይቆጠሩም፤ እንደ አምስት ናቸው።»

ሜትሩ ጠሽ ብሎ ተመለሰ። ልጅቷ ጥጉን አየች። ባለፈው ክረምት ሰውዬው ሲቆጣ ውሃው ከመታጠቢያ ቤቱ በበሩ ሥር ገብቶ መጀመሪያ የደረሰው እዚያ ጥግ ነው። ከእንቅልፏ ስትነቃ ጫማዋ ከአልጋው ሥር ተንሳፎ ወጥቶ ነበር። እሷ ዘላ ወርዳ፣ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ሳሎን ሮጠች። የምትሮጥበት እግር ስላላት።

«ምን ሆንሽ?» አለች ባለሜትሯ።

«ምንም። መስኮቱ ትንሽ ይጠብቃል፤ ስትከፍቺው ገፋ አድርጊው።»

በማግስቱ ትምህርት ቤት አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ጆሮ ዳባ ልበስ የማትል ናት። «ቆይ፣ ምን ሆነሻል? ፊትሽ ያልበሰለ ነገር የበላ ይመስላል።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ልጅቷ። «ያን ስልክ ስትሸጪልኝ፣ ሲደወልበት እንደሚጠፋ ታውቂ ነበር?»

የወንበር ጓደኛዋ ዓይኗን ወደ ጣሪያ ሰቀለች። «እሱን እስከ ዛሬ ይዘሽዋል እንዴ?»

«ታውቂ ነበር ወይ?»

«አልጠየቅሽኝማ። ካሜራው ይሠራል ወይ አልሽኝ፣ ይሠራል አልኩሽ። ይሠራ የለም?»

«ይሠራል።»

«እና? ቆይ ሙች፣ አልዋሸሁሽም።»

እውነቷን ነው፤ አልዋሸችም። ልጅቷ ግን ያን ጊዜ ስልኩ በእጇ ላይ ጭልም ሲል የተሰማትን አስታወሰች። ስልኩ አልነበረም ያናደዳት። ስትገዛው የነበረው የጓደኛዋ ፈገግታ ነበር። ይሄ ነገር ከቤታቸው ጋር አንድ ነው ወይስ አይደለም? ምናልባት ትልልቅ ሰዎች የሚያውቁት፣ እሷ ያልደረሰችበት ልዩነት ይኖር ይሆናል። እስከ መጨረሻው ደወል ፈለገችው፤ አላገኘችውም።

እቤት ስትደርስ እናቷ አንሶላ እያጣጠፈች ነበር። ልጅቷ ሌላውን ጫፍ ያዘችላት። አንድ ላይ ዘረጉት፤ አንድ ላይ አጠፉት፤ ተቀራረቡ።

«እማዬ፣ የሚገዙት ሰዎች ስድስት ናቸው።»

«ይባረኩ።»

«አንዷ ከአልጋ የማትነሳ አሮጊት ናት። አንሶላዋ በየቀኑ ይታጠባል። የኔ ክፍል ነው የምትተኛው፤ በኔ ጥግ።»

የእናቷ እጅ ቆመ። ታላላቆቿ ከወጡ፣ አክስትም ቤቷን ከያዘች ወዲህ እዚህ ቤት የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሦስት ሆነውም ክረምት ሲመጣ እየተጯጯሁ ነው የሚታጠቡት።

«ሰውዬው ይገድላቸዋል» አለች እናቷ ለራሷ ያህል። ከዚያ አንሶላውን ደረቷ ላይ ይዛ ቆየች። «እኔ ለአባትሽ ነግሬዋለሁ። ድሮ ሲቆፍር ነግሬዋለሁ፤ ሲሸፍነው ነግሬዋለሁ። የኔ አፍ ለእሱ ጆሮ አርጅቷል።»

«እኔ ብነግረውስ?»

«ስለ ጉልበቱ እያሰብሽ ንገሪው» አለች እናቷ።

የጉልበቱ ነገር ቀላል አልነበረም። ወንድሟ ባለበት ከተማ አንድ የሴራሚክ መሸጫ ሱቅ ለአባቷ ተገኝቷል። ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የሚያውቀውን ዕቃ እየሸጠ፣ መሬት ሳይነካ የሚውልበት ሱቅ። ባለሱቁ ዝናብ እስኪገባ እጠብቃለሁ ብሏል። ቤቱ ካልተሸጠ ሱቁ የለም። ሱቁ ከሌለ ያው ወለል፣ ያው መንበርከክ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ከእንግዲህ አይቻልም ብሏል።

አባቷን በረንዳው ላይ አገኘችው፤ ኮከቡ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ቅባት እያሸ። ጎኑ ተቀመጠች። ስለ አሮጊቷ፣ ስለ አንሶላው፣ ስለ ጥጉ ነገረችው። አላቋረጣትም።

«ሴትየዋ ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት» አለ ስትጨርስ። «ያልጠየቀችኝን ደግሞ ዝም አልኩ። ዝምታ ውሸት ነው?»

«ሻዩስ?»

አባቷ ቅባቱን ማሸት አቆመ።

«ሻዩ ዝምታ አይደለም፣ አባዬ። ሻዩን እኮ እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

«ልጅ ነሽ፤ በአንቺ ላይ የሚወድቅ ነገር የለም።» ለስለስ ብሎ ነበር የተናገረው። «ስሚኝ። ብንናገር ማዘጋጃ ቤት ይመጣል። ሁለተኛውን ጉድጓድ ማን ፈቀደልህ ይላል። ከፍተህ ድፈነው ይላል። ይሄ በረንዳ ይፈርሳል። ይሄ…» በእጁ ወደ ኮከቡ አመለከተ፤ ግን ስሙን አልጠራውም። «የሠራሁበት ቤት ሁሉ እዚህ አለ። ከዚያ ቤቱን ማን ይገዛናል?»

 ማን እንደሚገዛቸው እሷም አታውቅም።

«ብጠየቅ ግን አልዋሽም» አለች በመጨረሻ።

«አትጠየቂም» አለ አባቷ። ቁጣ አልነበረበትም። የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

ለመፈራረም በተቀጠረበት ጠዋት ሰማዩ ከብዶ ነው ያደረው። ልጅቷ ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ አባቷ ብቻውን ኮከቡ አጠገብ ቆሞ አየችው። አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። በጎኑ አልፋ ፊቷን ታጠበች።

ነርሷና ልጇ፣ ደላላውም ጃንጥላውን ይዞ፣ በሰዓቱ ደረሱ። በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ተዘረጋ። እናቷ ሻይ አቀረበች፤ ልጅቷ የሻዩን ቀለም አይታ ፊቷን አዞረች።

ባለሜትሯ ወንበሯን ስባ አጠገቧ መጣች። ዛሬም ሜትሩ በኪሷ አለ። «ጨዋታችሁን ለመንትዮቹ ነገርኳቸው» አለች በሹክሹክታ። «አብደዋል ነው የምልሽ። አንዱ ውሃ ሲል ሌላው ቆይ፤ ቀኑን ሙሉ። አያቴ እንኳን ከአልጋዋ ሆና ቆይ ትላለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ አየኋት።»

ልጅቷ የሻይ ብርጭቆዋን ከፊቷ ገፋ አደረገችው። 

«እንግዲህ» አለ ደላላው እጁን እያፋተገ፣ «ዝናቡ ሳይቀድመን እንቅደመው።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አወጣች፤ ግን ወዲያው አልፈረመችም። «ከመፈረሜ በፊት» አለች፣ «ማወቅ ያለብኝ ነገር ይኖራል?»

የጠየቀችው አባቷን ነበር። አባቷ አፉን ከፈት አደረገ።

«ምን ይኖራል ብለው ነው እህቴ?» አለ ደላላው ቀድሞት። «ቤቱ እንደሚያዩት ነው። ፈቃዱን አይተዋል፣ ውሃውን አይተዋል። እንዲያውም ገና ሲገቡ ኮከብ ላይ ነው የሚረግጡት። ከዚህ በላይ ዕድል አለ?»

ነርሷ ፈገግ አለች። አባቷ አፉን ዘጋ። እናቷ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ይዛ እንደቆመች ቀረች።

ልጅቷን ማንም አልጠየቃትም። አባቷ እንዳለው ሆነ። ብጠየቅ አልዋሽም ያለችው ቃል አልተነካም፤ ዝም ብትልም ቃሏን አጠፋች አይባልም። ዝምታው አባቷን ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። አሮጊቷን ደግሞ እዚያ ጥግ ላይ ያስተኛታል።

ተነሳች። ከጠረጴዛው ዞር ብላ ኮከቡ መሃል ደረሰችና ተንበረከከች።

«ጨዋታ አይደለም» አለች።

ድምጿ ትንሽ ነበር፤ ሁሉም ግን ሰማው። ባለሜትሯ «ምን?» አለች።

«ውሃና ቆይ፤ ጨዋታ አይደለም። ዋሽቼሽ ነው። ሁለት ቧንቧ አንድ ላይ ሲከፈት ከዚህ ሥር ያለው ጉድጓድ ስለሚሞላ ነው የምንጯጯኸው። ክረምት ላይ ቤት ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ የሚገባው አንቺ በለካሽው ጥግ ነው።»

ደላላው ሳቀ። «ልጅ እኮ ናት፤ ከቤቷ መለየት ከብዷት ነው…»

ልጅቷ አልመለሰችለትም። ቀና ብላ አባቷን ማየት ስላልቻለች ወደ ታች ጎንበስ አለችና የስምንት ማዕዘኗን ዙሪያ በጥፍሯ መፈቅፈቅ ጀመረች። ሙሌቱ ድንጋይ ሆኗል። አባቷ የሠራው ነገር በጥፍር የሚለቅ አይደለም። ቢሆንም ፈቀፈቀች።

ጥላ ከላይዋ ወደቀ። የአባቷ ጫማ አጠገቧ ቆመ።

«እንደዚያ አይደለም» አለ አባቷ። «ጥፍርሽን ትሰብሪያለሽ።»

እጁን ከኪሱ አወጣ። በእጁ ላይ ያቺ ስስ ብረት ነበረች፤ የመጣጩ መኪና ሲመጣ ሴራሚኩን የሚፈለቅቅባት። ከጠዋት ጀምሮ ኪሱ ውስጥ ነበረች። ልጅቷ ብረቷን አየች፤ ከዚያ አባቷን። አባቷ ግን የሚያየው ነርሷን ነበር።

«ሁለት ጉድጓድ ነው» አለ። «ያሳየሁዎት ፈቃድ የአንዱ ነው። ሁለተኛውን የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ ያለ ፈቃድ። አፈሩ ውሃ አይጠጣም። ልጄ የተናገረችው እውነት ነው።»

ደላላው ጃንጥላውን ከፈተና መልሶ ዘጋው።  ነርሷ እስክሪብቶዋን ከድና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቦርሳዋ ውስጥ አልከተተችውም፤ አላነሳችውምም። ተነስታ ወደ ኮከቡ መጣችና፣ ያን ቀን የቆመችበትን ቦታ ለይታ አየችው።

«ጥልቀቱ ምን ያህል ነው?» አለች።

«ይከፈትና ይዩት» አለ አባቷ። ከዚያ ስሷን ብረት ለልጅቷ አቀበላት። «ጉልበቴ አይታጠፍልኝም፤ አንቺ ሥሪው። ከማዕዘኗ ጀምሪ። መሃሉን እንዳትመቺው፤ ይሰነጠቃል።»

ባለሜትሯ ከወንበሯ ወርዳ ማዶ ቁጢጥ አለች። ፊቷ ተኮሳትሯል፤ መናደዷ ያስታውቃል። ቢሆንም ሜትሩን ከኪሷ አውጥታ መሬት ላይ አኖረችው፤ ጥልቀቱን ልትለካ ነው።

ልጅቷ የብረቷን ጫፍ ማዕዘኑ ላይ አስገብታ ተጫነች። መጀመሪያ እምቢ አለ። ቦታዋን ትንሽ አስተካክላ እንደገና ተጫነች። ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማና አንድ ቁራጭ ሙሌት ተነስቶ መዳፏ ላይ ወደቀ። ላዩ የሻይ ቀለም ነው። ገልብጣ አየችው፤ ውስጡ ገና ነጭ ነበር።

ብናኙን በትንፋሿ እፍ አለችና ወደሚቀጥለው ማዕዘን አለፈች።